ለሬሳ የተፈቀደ መውረጃ

አቪስ ታክዌል ፀጉሯ ሸብቶ እስኪያልቅ በሰው ላይ ጮኻ አታውቅም ነበር። ይህ ለሙገሳ የሚነገር አይደለም። ዌንስቦርን ከተማ ውስጥ ሰው እግርህን ቢረግጥህ «ይቅርታ» የምትለው አንተው ነህ፤ የተረገጥከው! አቪስም የዚያው አገር ልጅ ናት። አባቷ ሥጋ ሻጭ፣ እናቷ የቤተ ክርስቲያኑ አበባ ደርዳሪ ነበሩ፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የልጆች ምሳ ስታወጣ ኖራለች። ካሮቱን ኪሱ ደብቆ «በላሁ» ያለ ልጅ እንኳ ከአፏ ክፉ ቃል አልሰማም። ያቺ ሴት ናት እንግዲህ በመስከረም ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳሎኗ በእንግዳ ጢም ብሎ ሳለ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም «አንተ ልብ የሌለህ ግንድ!» ብላ ያንባረቀችበት። እሰይ፣ ደግ አደረገች። የሚያናድደው መዘግየቷ ነው።

የጠቡ መነሻ ቤቱ ነው። ቤቱን ባሏ ሴድሪክ ከአክስቱ ወረሰው። የበግ ገበያ መንገድ ላይ አራት መቶ ዓመት የቆመ ቤት ነው፤ አጥንቱ የባሉጥ እንጨት፣ ሥጋው ጭቃና ኖራ። ፎቁ ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ መንገዱ ስለተንጋደደ፣ ከሥሩ የሚያልፍ ሰው ዝናብ አይነካውም። አንድም ቀጥ ያለ ነገር የለውም። ወለሉ ላይ ኳስ ብታስቀምጥ ራሷ መንገድ ይዛ ትሄዳለች። አቪስ ሙሽራ ሆና የገባች ዕለት ግንባሯን ከበሩ ጉበን ጋር አጋጨችው፤ ሴድሪክ «ቤቱ እንኳን ደህና መጣሽ እያለሽ ነው» ብሎ ሳቀባት። እሷም ሳቀች። ቤቱን ወደደችው፤ ከልቧ ነው የወደደችው፤ በኋላ የጠላችው እንዲመስላት ያደረጓት ሌሎች ናቸው።

ቤቱ ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ነው። መመዝገብ ማለት እንዲህ ነው፦ ጣሪያው ሲያፈስ ቤቱ ያንተ ነው፤ የተሰነጠቀ መስታወት ልቀይር ስትል የመንግሥት ነው። የመንገዱን በር ቀይ ለመቀባት ያስፈቀዱ ጊዜ፣ መልሱ እስኪመጣ ቀለሙ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ ደረቀ። ሴድሪክ ቀልዶበት አለፈ። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ መጠበቅ ያውቃል።

ደረጃው ደግሞ የጭስ መውጫውን ግንብ ተጠማዞ የሚወጣ፣ በሩ የቁም ሳጥን በር የሚያህል ጉድ ነው። በዚያ በኩል ሬሳ እንደማይወርድ የጥንቶቹ ሰዎች ገና ሲሠሩት ገብቷቸዋል። ስለዚህ መኝታ ቤቱ ወለል ላይ፣ በአራት አግዳሚዎች መካከል፣ ምስማር ያልተመታበት ሳንቃ ገጠሙ። ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት ሳንቃው ይነሣል፤ ሳጥኑ በገመድ ወደ ሳሎን ይወርዳል፤ ከዚያ በበሩ ወጥቶ ወደ መቃብሩ። የሬሳ መውረጃ ይሉታል። ገመዱ የሚያልፍበት የብረት ቀለበት አሁንም የመኝታ ቤቱ ጣሪያ አግዳሚ ላይ አለ፤ እንኳን ሰው በሬም ይሸከማል። የመጨረሻው የወረደበት የሴድሪክ ቅድመ አያት ነው ይባላል። ባልና ሚስቱ ምንጣፍ አልብሰውት ይኖሩ ነበር።

ኋላ ሴድሪክን ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ተያዘ፤ ምላሱ ከበደ፤ አእምሮው ግን ምንም አልሆነም። ከሆስፒታል የመለሱት ሁለት ጎረምሶች በሸራ ጠቅልለው በዚያ ደረጃ ሲያወጡት ላባቸው ጠብ እስኪል ታገሉ። አንደኛው እየተነፈሰ «ሁለተኛ እንዳትጠሩን፤ ወይ እሱን ወይ እኛን ይገድላል» አለ። እንደዚያ ሆኖ ሴድሪክ ፎቅ ላይ ቀረ። መታጠቢያውም ሽንት ቤቱም እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ ምድር ቤት ሌላ እንዳይሠሩ ሕጉ አይፈቅድም። ከታች ጓሮው አለ፣ የተከለው ፎሶሊያ አለ፣ መጠጥ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሰውዬው ይህን ሁሉ በመስኮት ማየት ነበር ዕጣው።

ሊፍት የሚተክል ሰው መጥቶ ለካ። ከወለል ወለል የምትወጣና የምትወርድ፣ ዊልቸር የምትይዝ ትንሽ ሊፍት አለች። ሰውዬው ምንጣፉን ገልጦ ሳንቃውን ሲያይ ፉጨት አወጣ። «እመቤት፣ ልክክ ነው የምትገባው! አንድ አግዳሚ አልቆርጥም። ለሷ የተሠራ ነው የሚመስለው» አላት። አቪስ ያን ዕለት ደረጃውን እንደ ልጅ ነው የወጣችው። ሴድሪክም ባልተያዘው እጁ እጇን ጨመቀ። የቀረው ማስፈቀድ ብቻ ነበር።

ማስፈቀድ! የማዘጋጃ ቤቱ የቅርስ ሹም ሚስተር ጁሊያን ፌንዊክ መጣ፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። መኝታ ቤቱ ሲገባ ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ ሄደና ተንበረከከ። አልጋው ላይ ያለውን ሰው ገና ሰላም አላለውም።

«ሚስዝ ታክዌል፣ ይህ እኮ ዕንቁ ነው!» አለ ሳንቃውን እየዳበሰ።

«ዕንቁ ነው» አለች አቪስ። «ሊፍቱም ልክ ነው። ሳንቃዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አልጋው ሥር እናኖራቸዋለን። አይጠፉም።»

«ችግሩ እሱ ነው። ሳንቃው ከቦታው ለዘለቄታው ከተነሣ መውረጃው መውረጃ መሆኑ ይቀራል። በዚህ አውራጃ ሳይነካ የቀረ እሱ ብቻ ነው።»

«እኔም...» አለ ሴድሪክ ከአልጋው፣ ቃሉን እየጎተተ፣ «እዚህ ክፍል... ሳልነካ የቀረሁ... እኔ ብቻ ነኝ።»

ሚስተር ፌንዊክ በትሕትና ፈገግ አለ። ቀጥሎ ምክሩን አመጣ። አልጋው ሳሎን ቢወርድስ? መጋረጃ ተጋርዶ፣ ማታ ማታ ፖፖ ቢቀመጥለት?

የሳሎኑ መስኮት በቀጥታ መንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አቪስ እግሯን ሙቅ ውሃ ነክራ ቁጭ ባለችበት፣ አንዲት ቱሪስት አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ፎቶ አንስታታለች። ሴድሪክ ይህን ያውቃል። ፊቱ ቀላ። «ፖፖ ላይ ተቀምጬ... ለቱሪስት... ፎቶ አልነሣም! እዚሁ ልሙት!» አለ። ወንድ ልጅ ክብር አለው፤ አውቶቡስ ነጂም ቢሆን።

«ደረጃ የሌለው ቤት ብትገዙስ?» አለ ሹሙ ወደ አቪስ ዞሮ። «ይህ ቤት ለሁሉም የዕድሜ ደረጃ አይመችም።»

እንዴት ነው በጥፊ ያላለችው? ከወገቡ ይዛ በዚያው ቀዳዳ ብትለቀው ማን ይፈርድባት ነበር? ጉዱን ስሙ እንግዲህ፦ አቪስ ወጥ ቤት ወርዳ ሻይ አፈላችለት። የሎሚ ኬክም ቆረሰችለት፤ ደገመችለትም። እሱም «በጣም ግሩም ነው» እያለ በላ። «ለመምጣትዎ አመሰግናለሁ» ብላ እስከ በር ሸኘችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። ሌላ ንድፍ አምጡ ተባለ፤ መጣ። የእንጨት አዋቂ ይየው ተባለ፤ አየው፤ «ድንቅ ሳንቃ ነው» ብሎ ሄደ። ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቅረብ ተባለ፤ ኮሚቴው ለዕረፍት ተበተነ። አቪስ ስልክ በደወለች ቁጥር «ጉዳይዎ በጥሞና እየታየ ነው» ይሏታል፤ እሷም «ይቅርታ ስላስቸገርኳችሁ» ትላለች። ይቅርታ! እነሱን!

ኮሊን ባርዘል አንድ ቀን ነግሯት ነበር፤ ኮሊን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋዮች አለቃም ነው። ሴድሪክ ራሱ ዕድሜ ልኩን ከነሱ ጋር ትልቁን ደወል ሲደውል የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ኮሊን በየሳምንቱ ቢራ ይዞለት ፎቅ ይወጣል።

«ለምን ዝም ብለሽ ሊፍቱን አታስተክዪም?» አላት። «ማን ነው መጥቶ የሚነቅለው?»

«ሕግ አለ እኮ፣ ኮሊን። በሥርዓቱ ነው የሚሆነው።»

«ሥርዓት አሳድጎሻል» አለ ኮሊን፤ በዚያው ተወው። እሱም የዚያው አገር ሰው ነውና።

ብርዱ መጣ፤ ሄደ። ሴድሪክ እሑድ እሑድ መስኮቱን አስከፍቶ ደወሉን ይሰማል። ስድስት ደወሎች ናቸው፤ ተራቸውን እየተለዋወጡ ነው የሚደወሉት፤ አንዷ ከዘገየች እሱ ያውቃል። «ሦስተኛዋ ተኛች! ኮሊን ነው... ትናንት ጠጥቶ ነው!» እያለ ይሰድባል። አቪስ ከሁሉ በላይ ያን ስድቡን መስማት ትወድ ነበር። ባሏ አለ ማለት ነው።

ከታመመ በሁለተኛው ነሐሴ፣ አንድ እሑድ፣ ደወሉ ገና መደወል ሲጀምር ሴድሪክ «ዝጊው» አላት።

«ብርድ ገባህ?»

«ዝጊው አልኩሽ። ለኔ... አይደለም... የሚደወለው።»

ዘጋችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግሥቱ ምሳውን አልነካም፤ በሦስተኛው ቀን ጢምህን ልላጭህ ብትለው «ለማን?» አላት። አቪስ ያኔ ገባት፤ ይህ ሰው ወስኗል። መውረጃው በሕጉ መሠረት እስኪፈቀድለት ድረስ እየጠበቀ ነው፤ ለሬሳ ተፈቅዷልና።

በዚያው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። ሚስተር ፌንዊክ ነው።

«ሚስዝ ታክዌል፣ እንደምን ሰነበቱ? እንደሚያውቁት በመስከረም አሮጌ ቤቶች ለሕዝብ የሚከፈቱበት ቅዳሜ ደርሷል። የእርስዎን ቤት እንደ ወትሮው ብናስገባው? የዘንድሮ ዋናው መስሕብ መውረጃው እንዲሆን አስቤ ነበር። እኔው ራሴ አስረዳለሁ።»

አቪስ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች።

«እርግጥ የሚስተር ታክዌል መኝታ ስለሆነ ከታች፣ ከሳሎን ብቻ ነው የምናሳየው። እሳቸውን ምንም አናስቸግርም።»

«ምንም አያስቸግርም» አለች አቪስ። ስልኩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ደሟ ፈልቶ ጆሮዋ ውስጥ ይሰማታል። ያን የሚያህል ንዴት በሰውነቷ ውስጥ እንደሚገኝ አታውቅም ነበር።

ደዋዮቹ ረቡዕ አመሻሽ ላይ ይለማመዳሉ። አቪስ የደወል ማማውን ደረጃ እየቃተተች ወጣች። ኮሊን ገመዱን እንደያዘ «ኧረ አቪስ! አንቺም ልትደውዪ መጣሽ?» ብሎ ሳቀ።

«ኮሊን፣ ትልቁ ደወል ለጥገና የወረደ ጊዜ በምን ነበር ያወረዳችሁት?»

«በገመድና በመዘውር። ምነው?»

«ከባድ ነበር?»

«ከባልሽ ይከብዳል!» አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። ገመዱን ለቀቀው። «አቪስ... እንዴ... የምርሽን ነው?»

«ቅዳሜ» አለች። «ሰው ሲሞላ።»

ሴድሪክ ሲነገረው ጣሪያው አግዳሚ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት አየ። ቆይቶ «ኮሊን ነው... ቋጠሮውን የሚቋጥረው?» አለ። «አዎ» አለችው። «ሌላ ሰው... ይመርምረው» አለ። ጢሙንም አስላጨ።

ቅዳሜ ጎብኚ ሳይመጣ ደዋዮቹ በጓሮ በር ገብተው፣ ገመዳቸውን ይዘው፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ አንድ በአንድ ወጡ። ረፋዱ ላይ ሳሎኑ ሞላ፤ ባርኔጣ ያደረጉ ሴቶች፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ ወንዶች። ሚስተር ፌንዊክ መሐል ቆሞ ከራሱ በላይ ወዳሉት ሳንቃዎች በጃንጥላው ይጠቁማል።

«እንግዲህ ሳጥኑ የሚወርደው በዚህ ነበር። አያችሁ፣ ይህ ሕንፃ የሰውን ልጅ ከነሙሉ ክብሩ፣ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት...»

«ሲወርድ ማየት ትፈልጋላችሁ?» አለች አቪስ ከወጥ ቤቱ በር ላይ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አቪስ መጥረጊያ ይዛለች። ሁለት ጊዜ በእንጨቱ ጣሪያውን ቆረቆረችው። ሳንቃው ተንቋቋ፤ አንደኛው ተነሣ፤ ሁለተኛው ተነሣ፤ የስንት ዘመን አቧራ በሚስተር ፌንዊክ ፀጉርና ትከሻ ላይ ወረደ። ከላይ ብርሃን ገባ። ከብርሃኑ ውስጥ መጀመሪያ ሁለት ነጠላ ጫማዎች ታዩ፤ ቀጥሎ የፒጃማ ሱሪ፤ ቀጥሎ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ በገመድ የተጠፈረ ሰው።

«ሚስዝ ታክዌል!» አለ ሚስተር ፌንዊክ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። «ሳንቃው! ሳንቃውን ማን ነካው?»

አንቱታው እዚያ ላይ ቀረ።

«ሳንቃው? ባሌ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንተ ሳንቃው ትላለህ? አንተ ልብ የሌለህ ግንድ! ቤቴ ስትገባ ስትወጣ አንድ ቀን ይህን ሰው እንዴት አደርክ ብለኸዋል? ሳንቃውን ዳበስክ! አግዳሚውን ዳበስክ! ይህን ቤት የሠሩት ሰዎች ሰው ይኑርበት ብለው ነው የሠሩት! ሞቶ ሲሆን ይውረድ፣ በሕይወቱ ሲሆን እዚያው ይበስብስ፣ ይሄ ነው ሕግህ? ኬኬን እየበላህ! ሻዬን እየጠጣህ! የት አባክ ነው ሰው መሆን የተማርከው?»

«አቪስ» አለ ሴድሪክ ከላይ፣ በሳሎኑና በመኝታ ቤቱ መካከል እየተወዛወዘ። «ቆይ... መጀመሪያ... ልውረድ።»

«አትወዛወዝ፣ አንተ ሽማግሌ!» አለ ኮሊን ከቀዳዳው አፍ። «ከትልቁ ደወል ብሰህ ተገኘህ!»

«ደወሉን... እንዲህ ብታወርደው... ተሰብሮ ነበር!»

ወንበሩ የጡብ ወለሉን ነካ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ አንዲት ባርኔጣ ያደረገች አሮጊት አፏን ይዛ አለቀሰች። አቪስ ተንበርክካ ገመዱን ፈታች። ሴድሪክ በግራ እጁ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ የምድጃውን ድንጋይ እየነካ «ይሄው» ይላል። «ይሄው።»

ሚስተር ፌንዊክ ግን አልሄደም። ፊቱ ነጥቷል። አንገቱን አቅንቶ ቀዳዳውን አየ።

«ምስማር መታችሁ?» አለ።

«አንድም» አለ ኮሊን።

«አግዳሚ ቆረጣችሁ? ቦረቦራችሁ?»

«ገመድ ነው፣ ወንድሜ። በነበረው ቀለበት። ስንጨርስ ሳንቃውን እንመልሰዋለን።»

ሹሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከትከሻው ላይ አቧራውን አራገፈ። ስድቡ እንኳ ያስቀየመው አይመስልም።

«እንግዲያውስ ምንም ጥፋት የለም» አለ። «ያልተመታ ሳንቃ ማንሣትና መመለስ ፈቃድ አያስፈልገውም። መቼም አስፈልጎ አያውቅም። ሊፍት ይገጠም ብላችሁ ነው የጠየቃችሁኝ፤ በገመድ ይውረድ ወይ ብትሉኝ ኖሮ ያንኑ ዕለት እነግራችሁ ነበር።»

በክፋት አልተናገረውም። እውነቱን ነበር። አቪስ ባሏን ከታች ባዘጋጀችው ዊልቸር ላይ አስቀምጣ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ጓሮ ገፋችው።

ጓሮው ዳዋ ውጦታል። የፎሶሊያው ድጋፍ እንጨቶች ወድቀው ሣር በቅሎባቸዋል። የፖም ዛፉ ፍሬ ግን እንደ ጉድ ነው፤ መሬቱን ሞልቶታል። ኮሊን ተከትሏቸው ወጣ። «አመሻሽ ላይ መልሰን እንስብሃለን» አለው። «ረቡዕና እሑድ እንመጣለን። ለኛም ልምምድ ነው፤ ደወል አይሳደብም፣ አንተ ትሳደባለህ።» ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ተመለሰ።

ሴድሪክ ጎንበስ ብሎ አንድ ፖም ካነሣ በኋላ ቀና አለ።

«አቪስ።»

«እ?»

«ገመዱ... አምናም ነበረ?»

«ነበረ።»

«ኮሊንስ?»

«ነበረ። በየሳምንቱ አጠገብህ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር።»

«ታዲያ... ምን ስትጠብቂ ነበር?»

አቪስ አፏን ከፈተች። ስሙ ምላሷ ላይ ነበር፤ ፌንዊክ። በክፍቱ በር በኩል ይታያታል፤ ሳሎን ውስጥ አንገቱን አቅንቶ ሳንቃው ሲመለስ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ይላል። እሱ ያልከለከላትን እሱ ላይ ማላከክ አልቻለችም። ሴድሪክ እዚህ ጓሮ ሊቀመጥባቸው ይችል የነበሩትን ሁለት በጋዎች የበላችበት እሷ ናት፤ በአጉል ጨዋነቷ።

«ፈቃድ» አለችው።

ቢሰድባት በወደደች። ሦስተኛዋን ደወል እንደሚሰድባት አድርጎ ቢያዋርዳት በወደደች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ፀሐዩ አዞረና ዓይኑን ጨፈነ። አቪስ የዊልቸሩን እጀታ ጨብጣ ከኋላው ቆመች። ንዴቷ ገና አልበረደም፤ የምትጮኽበት ሰው ግን አጣች።